ሹም ለምን ይጠየቃል? ማንስ ይጠይቀዋል?

ከዘማች ተማሪ፣ ጥሊሊ

ገበሬ ወገኖች! ትምህርቱን ከመጀመራችን በፊት እነዚህን ቃላት ጮክ ብለን እናንብብ። በጽሑፉ ውስጥ እየደጋገሙ ይመጣሉ።

እንደራሴ፦ ሕዝብ መርጦ «በእኔ ፋንታ ተናገርልኝ» ብሎ የላከው ሰው።
ምክር ቤት፦ እንደራሴዎች ተሰብስበው የሚመክሩበትና የሚወስኑበት ሸንጎ።
አስፈጻሚ፦ የተወሰነውን በሥራ ላይ የሚያውል ሹም። ሚኒስትር፣ የቢሮ ኃላፊ፣ አስተዳዳሪ ሁሉ አስፈጻሚ ነው።
በጀት፦ ለአንድ ዓመት ሥራ ተቆርጦ የተመደበ የመንግሥት ገንዘብ።
ኦዲተር፦ የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምር ባለሙያ።
ተጠያቂነት፦ ለሠሩት ሥራና ላልሠሩትም ሥራ መልስ የመስጠት ግዴታ።

1. ከዕድራችን እንጀምር

ዕድር የሌለበት ቀበሌ የት አለ? በዕድር ውስጥ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። አባሉ በየወሩ ያዋጣል። ቀኑ ሲደርስ ገንዘብ ያዡ ተነሥቶ ሒሳብ ያሰማል። «ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ» ይላል። ከአባሎቹ አንዱ እጁን ያወጣና «ድንኳኑ በስንት ተገዛ? ደረሰኙስ?» ብሎ ይጠይቃል። ደኅና ገንዘብ ያዥ በዚህ አይቆጣም። ደረሰኙን አውጥቶ ያሳያል። የተቆጣ እንደሆነ ግን ሰው ሁሉ ይጠረጥረዋል።

መንግሥትም በዚህ በኩል እንደ ዕድር ነው። እኛ የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ግብር እንከፍላለን። ሳሙናና ባትሪ ስንገዛም ከዋጋው ውስጥ ቀረጥ አለበት። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ መንገድ ይሠራበታል፣ ሐኪም ይቀጠርበታል፣ ማዳበሪያ ይገዛበታል። ታዲያ ሒሳቡን ማን ይጠይቅ? የአገር ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ወጥቶ ሚኒስትር ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ እንደራሴ ይልካል። እንደራሴው ሕዝቡን ተክቶ ይጠይቃል፤ ሹሙ ይመልሳል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

2. ድሮ እንዴት ነበር?

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ይህ አባባል የዘመኑን ሕግ በአጭሩ ይናገራል። ንጉሡን የሚጠይቅ አልነበረም። የንጉሡን ሹም የሚጠይቀውም ንጉሡ ብቻ ነበር። ሕዝቡ ሹሙን የሚያየው ግብር ሲያስከፍል ነው።

በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሰጡ። ሁለት ምክር ቤቶችም ተቋቋሙ፤ አንዱ የሕግ መወሰኛ፣ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተባለ። ነገር ግን ሕዝቡ እንደራሴውን አልመረጠም። ሕገ መንግሥቱ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጡለታል ይል ነበር። ሹምን የሚጠይቀውን ሰው ሹሙ ራሱ መረጠው ማለት ነው። ገንዘብ ያዥ የራሱን መርማሪ ቢመርጥ ምን ይሆናል? መልሱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መረጠ። ይህ አንድ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ስለነበር ድኃው ገበሬ መምረጥ እንጂ መመረጥ አይሆንለትም። ፓርቲም አልነበረም። ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ከወሰነ ሚኒስትሩን ጠርቶ ሊወጣ ስለታሰበ ሕግ መጠየቅ ይችል ነበር። ሆኖም ሚኒስትሩን የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሠ ነገሥቱ ስለሆነ፣ የሚኒስትሩ ዓይን ወደ ቤተ መንግሥት እንጂ ወደ ምክር ቤት አይመለከትም ነበር።

3. የ1960ው የጎጃም ግብር

ይህ ታሪክ የእኛው የጎጃም ታሪክ ነው። በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ያስታውሱት ይሆናል።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ቀድሞ ግብር የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ነበር። አዲሱ አዋጅ ግን ገበሬው በየዓመቱ ከሚያገኘው ምርት ተገምቶ ይክፈል አለ። ነገሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ክፉ አይመስልም፤ ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይክፈል ማለት ነው። ፓርላማውም ተከራክሮ፣ ረቂቁንም አሻሽሎ አሳለፈው።

የጎጃም ገበሬ ግን በገማቾቹ አላመነም። ገማች ሲመጣ መሬት ይለካል፣ መሬት ከተለካ ርስት ይወሰዳል ብሎ ፈራ። ሹማምንቱም ቀድሞ በግብር አሰባሰብ በድለውት ነበርና ጥርጣሬው ከዚያ የመጣ ነው። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው አልገብርም ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ። ብዙ ሰው ሞተ፤ ቤትም ተቃጠለ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥፍራቸው ተነሡ። ግብሩም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ።

ወገኖች! ከዚህ ምን እንማራለን? ገበሬው ጥያቄ ነበረው። «መሬቴ ይለካል ወይ? ገማቹ ማን ነው? ገማቹ ቢበድለኝ ለማን አቤት እላለሁ?» የሚል ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ በምክር ቤት ተነሥቶ፣ ሚኒስትሩ በአደባባይ መልሶ፣ መልሱም ለሞጣና ለቢቸና ገበሬ በጊዜ ደርሶ ቢሆን ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰም ይሆን ነበር። በአፍ የሚጠየቅበት ቦታ ያጣ ጥያቄ በጥይት ተጠየቀ።

ሌላም አለ። በዚያው ዘመን የጭሰኛውን ሸክም የሚያቃልል ረቂቅ ሕግ ለፓርላማው ቀርቦ ነበር። በፓርላማው ውስጥ የተቀመጡት አብዛኞቹ ራሳቸው ባለመሬቶች ስለነበሩ ረቂቁ ሲንከባለል ቆይቶ አብዮቱ እስከ ፈነዳበት እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። እንደራሴ የሚባለው ሰው የማን እንደራሴ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል የምንለው ለዚህ ነው።

4. ከፓርላማ ወደ ሸንጎ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ፤ ፓርላማውንም ዘጋ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ገበሬውም በማኅበር ተደራጀ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን መሬቱን ያገኘው ገበሬ ሹሙን የሚጠይቅበት ቤት አላገኘም። ለዓመታት ምክር ቤት የሚባል ነገር አልነበረም።

በ1979 ዓ.ም. ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ። 835 አባላት ነበሩት፤ ገበሬዎችም ገብተውበት ነበር። ሆኖም ለምርጫ የሚቀርቡት ሰዎች ፓርቲው ያመነባቸው ብቻ ነበሩ። ሸንጎውም የሚሰበሰበው በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሪፖርት ሰምቶ ከማጨብጨብ በቀር ምን ይጠየቃል? ሸንጎው በ1983 ዓ.ም. ከሥርዓቱ ጋር አበቃ።

5. ሕጉ ምን ይላል?

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለዚህ ጉዳይ ግልጽ ነገር አስቀምጧል። አንቀጾቹን በየቁጥራቸው እንያቸው። ቁጥሩን ያወቀ ሰው በስብሰባ ላይ ሲናገር ይደመጣል።

አንቀጽ 12፦ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት። ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ሆነ የሕዝብ ተመራጭ ተጠያቂ ይሆናል። ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት ይችላል።

አንቀጽ 54፦ የምክር ቤት አባል የሚመረጠው ለአምስት ዓመት ነው። ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው።

አንቀጽ 55፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችንም የፌዴራል ባለሥልጣናት ጠርቶ ይጠይቃል፤ አሠራራቸውን ይመረምራል። ከአባላቱ ሲሶው ከጠየቁ ደግሞ ምክር ቤቱ አስፈጻሚው በሚሠራው በማናቸውም ጉዳይ ላይ ይወያያል።

አንቀጽ 101፦ ዋና ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለምክር ቤቱ ያቀርባል።

ይህ በሥራ ላይ እንዴት ይታያል? ምክር ቤቱ 547 ወንበሮች አሉት። በየዓመቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል። ሚኒስትሮች ሪፖርት ይዘው ይቀርባሉ፤ አባላት ይጠይቃሉ። በየዘርፉ ቋሚ ኮሚቴዎች አሉ። የመንግሥትን ወጪ የሚቆጣጠረው ኮሚቴ የዋና ኦዲተርን ግኝት ይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን በይፋ ይጠይቃል። «ይህ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ለምን ወጣ?» ይላል። የዕድራችን ጥያቄ እኮ ነው!

ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ የተዘጋ በር ይከፍታል። ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በምክር ቤቱ ለአባላት ጥያቄ ሲመልሱ፣ እስረኛን መግረፍና በጨለማ ቤት ማስቀመጥ በመንግሥት በኩል የተፈጸመ ሽብር መሆኑን ተናገሩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ቤት ከመንግሥት መሪ አፍ ተሰምቶ አይታወቅም።

ጉድለቱንም መናገር ያስፈልጋል። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱም ወንበሮች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። ጠያቂውም ተጠያቂውም የአንድ ቤት ልጆች ሲሆኑ ጥያቄው ይለሰልሳል። በአጠያየቁም ረገድ አባላቱ ተራ በተራ ጠይቀው ሲጨርሱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁሉንም በአንድነት የሚመልሱበት ልማድ አለ። እንዲህ ሲሆን ከባዱ ጥያቄ በብዙ ቃል መካከል ሊጠፋ ይችላል። በእንግሊዝ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማው በሥራ ላይ ባለበት ጊዜ በየሳምንቱ ረቡዕ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠየቃል። የተቃዋሚው መሪ እስከ ስድስት ጊዜ ተነሥቶ ይጠይቃል፤ መልሱ ካላጠገበው እንደገና ይጠይቃል። በሕንድም ፓርላማ አንድ ሰዓት ለጥያቄ ብቻ የሚለይበት ሥርዓት አለ።

6. የማዳበሪያው ጥያቄ ለማን ነው?

አሁን ወደ እርሻችን እንመለስ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ዘግይቶ በአማራ ክልል ገበሬው ተቸግሮ ነበር። ገበሬዎች እስከ ባሕር ዳር ሄደው ድምፃቸውን አሰሙ። ዝናብ ሹም አይጠብቅም። ሐምሌ ካለፈ በኋላ የመጣ ማዳበሪያ ለበቆሎው ምን ይረባዋል?

ማዳበሪያ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል። በመኪና ወደ ክልል ይጓጓዛል። ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከመሠረታዊ ማኅበር ወደ ገበሬው ይሄዳል። የመዘግየቱ ምክንያት ከእነዚህ በአንዱ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄውም እንደ ቦታው ይለያያል።

ግዥው ዘግይቶ እንደሆነ የሚጠየቀው የፌዴራሉ ሹም ነው፤ ጠያቂውም አዲስ አበባ ያለው እንደራሴያችን ነው። ክልሉ ለዞኖች ሲያከፋፍል አዳልቶ እንደሆነ የሚጠየቀው የክልሉ ግብርና ቢሮ ነው፤ ጠያቂው ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት አባል ነው። በዞን ደረጃ ከሆነ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ምክር ቤት እንጅባራ ላይ አለ። በወረዳ ከሆነ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ምክር ቤት እዚሁ ጥሊሊ ነው። ማዳበሪያው መጋዘን ደርሶ ለዘመድ ተሸጦ እንደሆነ ደግሞ የሚጠየቀው የመሠረታዊ ማኅበሩ ኮሚቴ ነው፤ ጠያቂው አባሉ ነው። የመጋዘኑን ጥፋት ይዘን ሚኒስትሩን ብንወቅስ፣ የሚኒስቴሩንም ጥፋት ይዘን በልማት ሠራተኛው ላይ ብንጮህ ጥፋተኛው በሰላም ይተኛል።

7. ጥሩ ጥያቄ ምን ዓይነት ነው?

የአዊ ደጋ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ማዳበሪያ ቢጨመርም ሰብሉ በደንብ አይጠቀምበትም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ ደግሞ ለአንድ ሄክታር በአሥሮች የሚቆጠር ኩንታል ይፈጃልና ከባድ ነው፤ ማጓጓዣው ያስቸግራል። እንግዲህ ይህን ጉዳይ አንዲት እንደራሴ በወረዳ ምክር ቤት አነሣች እንበል።

እንደራሴዋ፦ ክቡር ኃላፊ፣ የኖራ ነገር እንዴት ነው?
ኃላፊው፦ በጥሩ ሁኔታ እየተሠራ ነው። ወደፊትም ተጠናክሮ ይቀጥላል።

እንደራሴዋ «አመሰግናለሁ» ብላ ብትቀመጥ ምን ይዛ ወደ ቀበሌዋ ትመለሳለች? ምንም። ጥያቄው ልል ስለሆነ መልሱም ልል ሆነ። አሁን ደግሞ በሌላ መንገድ ትጠይቅ።

እንደራሴዋ፦ ክቡር ኃላፊ፣ ዘንድሮ ለወረዳችን ስንት ኩንታል ኖራ ታቅዶ ነበር? ስንት ኩንታል ገባ?
ኃላፊው፦ ካቀድነው ግማሹ ነው የገባው።
እንደራሴዋ፦ ግማሹ ለምን ቀረ?
ኃላፊው፦ የመኪና ኪራይ በጀት አለቀብን።
እንደራሴዋ፦ በጀቱ ለሌላ ሥራ ዞሮ ነው ወይስ ከመጀመሪያውም አንሶ ነው? የቀረውስ እስከ መቼ ይገባል? ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን ነው? እባክዎን ቀኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ልዩነቱን አያችሁ? ጥሩ ጥያቄ አምስት ነገር ይይዛል፦ ስንት? መቼ? የት? ማን? ለምን? ቁጥር የያዘ ጥያቄ ከመልስ ሰጪው አያመልጥም። «በሂደት ላይ ነው»፣ «ትኩረት ተሰጥቶታል»፣ «ወደፊት ይታያል» የሚሉ ቃላት ሲመጡ ጆሮአችንን እናቁም። መልስ ይመስላሉ እንጂ መልስ አይደሉም። ቃለ ጉባኤም ትልቅ ነገር ነው። በአፍ የተሰጠ ተስፋ ይረሳል፤ የተጻፈ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ተነብቦ «ያሉት ቀን አልፏል፤ ኖራው የት አለ?» ያሰኛል። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ደብዳቤ ለመጻፍ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

መጠየቅ ግን መስደብ አይደለም። ሹሙን በክብር ጠርቶ በክብር ማስመለስ ነው። የሚሠራ ሹም ጥያቄን ይወድዳል፤ ችግሩን ለበላይ ለማመልከት ይረዳዋልና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል ይዞ የተሾመ ግን ጥያቄን እንደ እሳት ይሸሻል። ሁለቱን የምንለየው በጥያቄ ነው።

8. ጠያቂውን ማን ይጠብቀዋል?

የሚጠይቅ ሰው ጠላት ያፈራል። ሕገ መንግሥቱ ይህን አውቆ በአንቀጽ 54 ለእንደራሴው ጥበቃ አድርጎለታል። በምክር ቤት ስብሰባ በሰጠው ድምፅ ወይም ባሰማው ቃል አይከሰስም። እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ አይታሰርም።

ሕግ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። የተቃዋሚው የአብን ፓርቲ አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥትን ወጪ የሚቆጣጠረው ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው የሠሩ፣ በምክር ቤቱም በጠንካራ ጥያቄ የሚታወቁ እንደራሴ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ ታሰሩ። ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሣው ከታሰሩ ከወራት በኋላ በ2016 ዓ.ም. ነው። መንግሥት የከሰሳቸው በሽብር ወንጀል እንጂ በጥያቄያቸው አይደለም ብሏል። የክሱ ነገር የፍርድ ቤት ነው። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን ግን ቅደም ተከተሉ ነው። በሕጉ ፈቃዱ ይቀድማል፣ እስሩ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሌሎቹ እንደራሴዎች ምን ያስባሉ? «ዝም አይነቅዝም» ብለው ይቀመጣሉ። እንደራሴው ዝም ሲል ዝም ያልነው እኛ ነን፤ አፋችን እርሱ ነውና።

9. እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የእንደራሴያችንን ስም እንወቅ። የቀበሌውን፣ የወረዳውን፣ የክልሉንና የፌዴራሉን እንደራሴ ስም በደብተራችን እንጻፍ።

ሁለተኛ፣ እንደራሴው ለስብሰባ ከመሄዱ በፊት ጥያቄያችንን ጽፈን እንስጠው። ባዶ እጁን የሄደ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ሲመለስ ጠርተን እንጠይቀው። «ጠየቅህልን ወይ? ምንስ ተባለ?» እንበለው። ሹሙን እርሱ እንደሚጠይቅ እርሱን ደግሞ የምንጠይቅ እኛ ነን።

አራተኛ፣ እናቶችና እኅቶች በስብሰባ ላይ ይናገሩ። የውኃውን ርቀትና የጤና ጣቢያውን መድኃኒት ማጣት ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የ1960ው የጎጃም ገበሬ ጥያቄውን የሚያነሣበት ቤት አልነበረውም። ዛሬ ቤቱ በሕግ ቆሟል፤ ጎዶሎም ቢሆን በሩን ማንኳኳት የእኛ ፈንታ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴዎችን የሚመርጠው ማን ነበር? ጉዳቱስ ምንድን ነው?
ለ. በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ ግብሩን የፈራው ለምንድን ነው?
ሐ. አንቀጽ 55 ለምክር ቤቱ ምን ሥልጣን ይሰጠዋል?
መ. «ትኩረት ተሰጥቶታል» የሚለው መልስ ምን ጎደለው?
ሠ. ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ ወይም ስለ ኖራ አንድ ጥያቄ ጻፉ። ስንት፣ መቼ፣ የት፣ ማንና ለምን የሚሉት እንዳይቀሩ። ከዚያም በቡድን አንብባችሁ፣ ለየትኛው ምክር ቤት እንደሚቀርብ ወስኑ።